የጃፓን ሜፕልን በቤት ማራባት

የጃፓን ሜፕል በጃፓንና በኮሪያ ጫካዎች የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ትንሽ የጌጥ ዛፍ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ፔተር ቱንቤሪ በ1784 እ.ኤ.አ. አሴር ፓልማተም የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። በአትክልተኞች እጅ ተመርጠው የተለዩት ዝርያዎቹ ዛሬ ከ1,000 በላይ ናቸው። ዛፉን ለማራባት አራት መንገዶች አሉ፤ ምርጫውን የሚወስነው አዲሱ ተክል እናቱን እንዲመስል መፈለግ አለመፈለጉ ነው።

በጣም ርካሹ መንገድ ዘር መዝራት ነው። ክንፍ ያለው ዘር ቡናማ ሲሆን፣ በጥቅምት ገደማ ይለቀማል። ዘሩ ብርድ ካላለፈበት ስለማይበቅል፣ ለብ ባለ ውሃ አንድ ቀን ተዘፍዝፎ ከእርጥብ አሸዋ ጋር በላስቲክ ከረጢት ይቀመጣል፤ ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ፍሪጅ ውስጥም ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። ነጭ ሥር ብቅ ሲል ውሃ በማይቋጥር አፈር 1 ሴንቲሜትር ያህል ጠልቆ ይተከላል። ውሃ የበዛበት ቡቃያ ግንዱ በስብሶ ይወድቃል። ከዘር የበቀለ ዛፍ ግን በቀለምም በቅጠል ቅርጽም ከእናቱ ሊለይ ይችላል።

እናቱን የሚመስል ተክል የሚገኘው ከራሷ ከእናቲቱ አካል ነው። በግንቦትና በሰኔ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚሆን ለጋ ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ጫፉ ሥር በሚያስወጣ ሆርሞን ተነክሮ፣ ላስቲክ በተሸፈነ እርጥብ አፈር ይተከላል። ብዙዎቹ ሥር ካወጡ በኋላ በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ይሞታሉ፤ ስለዚህ በቀጣዩ ዓመት ቅጠል እስኪያወጡ ድረስ ወደ ሌላ ማሰሮ አይዛወሩም።

ለጀማሪ ይበልጥ አስተማማኙ ቅርንጫፉን ከዛፉ ሳይለዩ ሥር ማስያዝ ነው። ቅጠሉ ከጠነከረ በኋላ፣ ከቅርንጫፉ ዙሪያ 3 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ልጥ ይላጣል፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ሽፋንም ተፍቆ ይጠራል፤ ካልተፋቀ ልጡ ተመልሶ ይገጥማል። ቅጠሉ የሚሠራው ስኳር በልጡ በኩል ወደ ታች መውረድ ስለማይችል ከቁስሉ በላይ ይጠራቀማል፤ ሥርም ከዚያው ይወጣል። ቦታው በእርጥብ ሞስ ተከብቦ በላስቲክ ይታሰራል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ሥሩ ሲታይ ቅርንጫፉ ከበታቹ ተቆርጦ ይተከላል።

የችግኝ ጣቢያዎች በብዛት የሚጠቀሙት ማዳቀልን ነው። በጥርና በየካቲት፣ የተመረጠው ዝርያ ቀንበጥ ከዘር በበቀለ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ችግኝ ጎን ላይ ይሰካል። የሁለቱ አረንጓዴ ሽፋን ቢያንስ በአንድ ወገን መግጠም አለበት፤ አለዚያ አይያያዙም። ከተያያዙም በኋላ ከመገጣጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠው ሁሉ ይቆረጣል፤ ከተተወ የተዳቀለውን ዝርያ ውጦ ያስቀረዋል።