ከኢንሹራንሱ ፎርም ጋር የሚመጣው የ«ዌልነስ» ወረቀት

በአሜሪካ በሆቴል፣ በሆስፒታል፣ በነርሲንግ ሆም፣ በኤርፖርትና በትልልቅ መደብሮች የሚሠሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አንድ ወፍራም ፖስታ ይደርሳቸዋል። ስለ መጪው ዓመት የጤና ኢንሹራንስ የሚናገር ነው። ከወረቀቶቹ አንዱ «ዌልነስ ፕሮግራም» የሚል ርእስ ይኖረዋል። ደም ግፊትዎን ይለኩ፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ያድርጉ፣ ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ይግለጹ፣ ይህን ካደረጉ ይህን ያህል ዶላር ይታሰብልዎታል ይላል። ብዙ ሰው ዋናውን ፎርም ሞልቶ ይህኛውን ወይ መኪና ውስጥ ይረሳዋል፣ ወይ ከማስታወቂያ ጋር ይጥለዋል። ሁለት ሺፍት ሠርቶ ለገባ ሰው አሥር ገጽ እንግሊዝኛ ማንበብ ቀላል ስላልሆነ የሚያስወቅስ አይደለም። ይሁንና በዚያች ወረቀት ምክንያት በየሁለት ሳምንቱ ከቼኩ ላይ ገንዘብ እየተቆረጠበት፣ ለምን እንደተቆረጠ ሳያውቅ ዓመቱን የሚጨርስ ሠራተኛ አለ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በአሜሪካ ሥራ ላይ ላለ ሰው ከኢንሹራንሱ ዋጋ ብዙውን የሚከፍለው አሠሪው ስለሆነ፣ ሠራተኛው በታመመ ቁጥር የኩባንያው ወጪ ይጨምራል። ስለዚህ ሰው ሳይታመም ጤናውን እንዲጠብቅ ማድረግ ይረክሳል የሚል ሐሳብ መጣ። ከቀደምቶቹ አንዱ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሲሆን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲጋራ ማቆምን፣ ስፖርትንና ክብደት መቀነስን ያካተተ ፕሮግራም ለሠራተኞቹ ዘረጋ። ሌሎችም ተከተሉት። በ2010 የወጣውና ኦባማ ኬር የሚባለው ሕግ ደግሞ ነገሩን ወደ ኪስ አስገባው። ከ2014 ጀምሮ አሠሪው የተወሰነ የጤና ግብ ለሚያሟላ ሠራተኛ ከኢንሹራንሱ ጠቅላላ ዋጋ እስከ 30 በመቶ፣ ከትምባሆ ጋር ለተያያዘው ደግሞ እስከ 50 በመቶ ሽልማት ወይም ተጨማሪ ክፍያ ማድረግ ተፈቀደለት። ኢንሹራንሱ በዓመት 8,000 ዶላር ነው ቢባል፣ 30 በመቶው 2,400 ዶላር ነው። ይህ ለፓርኪንግ ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ብዙዎች የሚፈሩት ግን ገንዘቡን ሳይሆን ገበናቸው እንዳይወጣ ነው። «ስኳር እንዳለብኝ አለቃዬ ካወቀ ከሥራ ያስወጣኛል» የሚል ስጋት አለ። በሽታውን ከገዛ ወንድሙ እንኳ ደብቆ ለሚኖር ለእኛ ሰው ይህ አያስገርምም። ሕጉ በዚህ በኩል ለሠራተኛው ያደላል። በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ምርመራው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆን ይኖርበታል፤ ለአሠሪው የሚደርሰውም የሁሉም ውጤት በጥቅል እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር አይደለም። ስለ እናት፣ አባት፣ እኅትና ወንድም በሽታ የሚጠይቅ ክፍል ካለ ሳይሞሉት ማለፍ ይቻላል። በ2008 በወጣ ሌላ ሕግ ምክንያት እሱን ባለመሙላት ሽልማቱ አይከለከልም። ክብደቱን ወይም ደም ግፊቱን ወደተባለው ልክ ማውረድ ያቃተው ሠራተኛ ደግሞ ሌላ አማራጭ የመጠየቅ መብት አለው፤ ትምህርት መከታተል ወይም የሐኪሙን ምክር መፈጸም ሊሆን ይችላል። ይህ አማራጭ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ሆኖም መጨረሻው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ሊገኝ ስለሚችል ፈልጎ ማንበብ ነው። በስልክ ላይ የሚጫን እርምጃ ቆጣሪ ሁልጊዜ በሕክምና ምስጢር ሕግ ስለማይሸፈን፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ከመጫን በፊት መጠየቅ ይበጃል።

በፈቃደኝነት ነው እየተባለ ያልፈቀደ ይክፈል ከተባለስ? ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። ዬል ዩኒቨርሲቲ በፕሮግራሙ ያልተሳተፉ ሠራተኞቹን በሳምንት 25 ዶላር ያስከፍል ስለነበር በ2019 ተከሰሰ፤ ጉዳዩም በ2022 በስምምነት ተቋጨ።

ለመሆኑ ፕሮግራሙ ጤና ይሰጣል ወይ? ለብዙ ዓመታት ይቀርብ የነበረው ማስረጃ፣ የተሳተፉት ካልተሳተፉት የተሻለ ጤና አላቸው የሚል ነበር። ነገር ግን ቀድሞ የሚመዘገበው ድሮም ጂም የሚሄደው ሰው ነው። ይህን ለማጣራት በ2016 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ለአንዱ ወገን ፕሮግራሙ ተሰጠ፣ ለሌላው አልተሰጠም። በሕክምና ወጪም ሆነ በሥራ ውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ቢጄስ በተባለው የጅምላ መደብርም በ160 ቅርንጫፎች የሚሠሩ 33,000 ያህል ሠራተኞች የተካተቱበት ጥናት ተካሄደ። ፕሮግራሙ የተሰጠው በዕጣ ለተመረጡ 20 ቅርንጫፎች ነበር። ከ18 ወር በኋላ በእነዚህ ቅርንጫፎች ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን የሚሉት ሰዎች በዝተው ተገኙ። በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮል፣ በሕክምና ወጪና ከሥራ በመቅረት ግን ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ የታተመው በ2019 ነው።

ይህ ማለት ወረቀቱ ይጣል ማለት አይደለም። ሳይታወቅ የኖረ ደም ግፊት በነፃ ምርመራ ሊገኝ ይችላል። ሲጋራ ለማቆም የሚሰጠው ምክርና መድኃኒት ከራስ ኪስ ሲገዛ ውድ ነው። (ሺሻን ከትምባሆ ለይቶ የሚያይ ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው።) ፕሮግራሙ የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው፤ ሠራተኛውን ተለወጥ ይለዋል እንጂ ሥራውን አይነካውም።

ሥራው ራሱ ሰውን እንደሚያሳምም የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉት ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1953 ባሳተሙት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አስተያዩ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ደግሞ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ከተማ የሚሠሩ ናቸው፤ የልብ ሕመም ግን የበዛው በሾፌሮቹ ላይ ነበር። ሞሪስ በዚህ ሳይወሰኑ የዩኒፎርም መዝገብ አስወጥተው የሱሪ ወገብ ልክ አመሳከሩ፤ የሾፌሮቹ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። የወገቡ ስፋት ከሥራው በፊት የመጣ ይሁን በኋላ ብዙ አከራክሯል፤ ተቀምጦ መዋል ልብን እንደሚጎዳ ግን ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ስለዚህ አሠሪ «ጤናችሁን ጠብቁ» ሲል ሠራተኛውም የሚጠይቀው አለው። የፌዴራሉ ሕግ ለአዋቂ ሠራተኛ የምሳ ዕረፍት እንዲሰጥ አያስገድድም፤ ካሊፎርኒያን የመሰሉ ስቴቶች ግን ከአምስት ሰዓት በላይ ለሚሠራ 30 ደቂቃ ያዛሉ። የሚኖሩበት ስቴት ምን እንደሚል ማወቅ የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ ፍሪጅና ማይክሮዌቭ፣ ንጹሕ ውሃ፣ በየሳምንቱ ከቀን ወደ ሌሊት የማይገላበጥ ሺፍት። የወጡ ሽታ ፈረንጆቹን ያስቸግራል በሚል ይሉኝታ ሽሮና ጎመኑን ቤት ትቶ ከማሽን ቺፕስና ለስላሳ የሚገዛ ስንት ሰው አለ! ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ከተገኘ ለይሉኝታው መፍትሔ አለው።

ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት የሚነዱት ደግሞ ፖስታውም አይመጣላቸውም፤ በአብዛኛው እንደ ግል ሠራተኛ ስለሚቆጠሩ ጤናቸውን የሚከታተል አሠሪ የላቸውም። ከለንደኖቹ ሾፌሮች ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን እነሱ ናቸው። ለነሱ የሚሆነው ምሳሌ በሎስ አንጀለስ ጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር አስተካካዮች ዘንድ ተሞክሯል። በ2018 በታተመው በዚህ ጥናት 52 ፀጉር ቤቶችና ከፍተኛ ደም ግፊት ያለባቸው 319 ወንዶች ተካተቱ። በአንደኛው ወገን ፋርማሲስት እዚያው ፀጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ መድኃኒት ሲያስተካክል፣ በሌላው ፀጉር አስተካካዩ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብሎ ይመክር ነበር። በስድስት ወር ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር በመጀመሪያው ወገን በአማካይ በ27፣ በሁለተኛው በ9 ያህል ወረደ። የጠቀመው ሕክምናው ሰው ከሚሰበሰብበት ቦታ ድረስ መሄዱ ነው። የእኛ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ይታወቃል፤ ኤርፖርት ተራ መጠበቂያው፣ ምግብ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የዕድሩ ስብሰባ። አንድ ዕድር የክንድ ደም ግፊት መለኪያ ገዝቶ በወር አንድ ቀን ከአባላቱ መካከል ነርስ የሆነችውን ቢያስቀምጥ ከባድ ወጪ አይደለም። ሬሳ ወደ ሀገር ቤት ለመላክ ከሚዋጣው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ አይባልም።

ልኬቱ እንዳያሳስት ግን ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ አይቀመስም። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ መቀመጥ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። እየተጨዋወቱ የሚለካ ግፊት ከፍ ብሎ ይታያል። ከ2017 ጀምሮ በአሜሪካ መመሪያ 130 በ80 የደረሰ ሁሉ እንደ ከፍተኛ ደም ግፊት ይቆጠራል። በተለያየ ቀን ተደጋግሞ እንዲህ ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ስኳራቸው ከፍ ማለት ለጀመረ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ትምህርት አለ። በ2002 በታተመው 3,234 ሰዎች በተካተቱበት ጥናት፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ በእግር ለመሄድ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ ቀነሰላቸው። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶው 6 ኪሎ ከሩብ ያህል ነው፤ 150 ደቂቃውም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ትምህርቱ ዓመት የሚፈጅ ሲሆን አንዳንድ አሠሪዎች ይከፍሉበታል። ሜዲኬር ያላቸው ወላጆችም መመዘኛውን ካሟሉ ከ2018 ጀምሮ ይሸፈንላቸዋል፤ ሐኪማቸውን ሲያዩ በስሙ፣ «የስኳር መከላከያ ፕሮግራም» ብለው ይጠይቁ።