ባለቤቱና ተከራዩ ስለ ቤት ዋጋ የተነጋገሩት

ለሰው ልጅ ኑሮ ከምግብና ከልብስ ጋራ የሚቆጠረው ቤት ነው። በሀገራችን ልማድ አዲስ ቤት የገባውን ሰው «ቤት ለእንቦሳ» ብለን መመረቃችን፥ እርሱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ መመለሱ፥ ቤት የኑሮ መሠረት መሆኑን አባቶቻችን አስቀድመው ስላወቁት ነው። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ከተማ ሰዎች በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ ስለ ቤት የሚነሣው ምርቃቱ ሳይሆን ዋጋው ነው። ባለቤቱ «ቤቴ ስንት ያወጣ ይሆን?» ይላል፤ ተከራዩም «በሚመጣው ወር ስንት እጠየቅ ይሆን?» ይላል።

ነገሩን ለመረዳት በየሰፈሩ ከሚሰማው ጭውውት አንዱን ማዳመጥ ይበቃል። በአንድ ሰንበት ቀን፥ ከዕድር ስብሰባ በኋላ፥ ሦስት ጎረቤቶች ቡና ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌ፥ የግቢው ባለቤት ናቸው። ሁለተኛው በዚያው ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ የሚኖር መምህር ነው። ሦስተኛዋ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ስትሆን፥ በዕጣ የደረሳትን የጋራ መኖሪያ ቤት ለሌላ ሰው አከራይታ፥ እርስዋ ኪራዩ ዝቅ ባለ በጎረቤት ቤት ትኖራለች።

ነገሩን የሚያነሣው መምህሩ ነው። «አባባ፥ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ደላሎች በየቀኑ በሩን ያንኳኳሉ። ቤትዎ በብዙ ሚሊዮን ብር እንደሚገመት ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለዎት ልበል ወይስ ዕቃዬን ልሰብስብ?»

ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ሀብታም ሆንህ የሚለኝ በዝቷል፤ ነገር ግን አምና የበላሁትን እንጀራ ነው ዛሬም የምበላው። ቤቱን ብሸጠው የት እገባለሁ? የምገዛውም እንደዚሁ ተወዷል። ጣሪያው ሲያፈስ የምለውጠው ቆርቆሮ፥ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የምገዛው ሲሚንቶ ዋጋው ወጥቷል። ኪራይ ባልጨምር በምን ላድሰው?» ይላሉ።

«እውነትዎን ነው፤» ይላል መምህሩ፤ «ነገር ግን ኪራይ የጨመረውን ያህል ደመወዜ አይጨምርም። በየዓመቱ ሰፈር ብለውጥ ልጆቼ ትምህርት ቤታቸውን ሊለውጡ ነው፤ እኔም ከዕድሩ ልወጣ ነው። ዕቃ በመኪና ይጫናል፤ ጎረቤት ግን አይጫንም።»

ጸሓፊዋ እስከዚያ ዝም ብላ ቆይታ፥ «እኔ ባለቤትም ተከራይም ነኝ፤» ትላለች። «አከራዬ ሲጨምርብኝ ጨካኝ ነው እላለሁ፤ እኔ በተከራዬ ላይ ስጨምር ግን ገበያው ነው እላለሁ። የባንኩን ዕዳ የምከፍለው ከኪራዩ ስለ ሆነ ልተወው አልችልም። ሁለታችሁን ስሰማ ግን በራሴ አፈርሁ።»

ይህች ሴት የተናገረችው ቃል የነገሩ ሥር ነው። የቤት ዋጋ ወጣ ሲባል ሦስት ነገር ተቀላቅሎ ይነገራልና፥ አንዱን ከሌላው መለየት ይገባል። የመጀመሪያው ሕንፃው ነው፤ ሕንፃ ግን ካልታደሰ በቀር በየዓመቱ ያረጃል እንጂ ዋጋው ሊያድግ አይገባውም። ሁለተኛው ስፍራው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮም በሊዝ እንዲሰጥ ተደንግጓል። ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ሲሆን፥ መንገድ፥ ውሃና መብራት የደረሰው ስፍራ ይወደዳል፤ ይህም ጭማሪ ባለቤቱ ብቻውን ያመጣው ሳይሆን በሕዝብ ገንዘብ ጭምር የተገኘ ነው። ሦስተኛው የገንዘቡ አቅም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፥ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። እንግዲህ ከቤቱ ግምት ጭማሪ ከፊሉ የቤቱ ማደግ ሳይሆን የብሩ ማነስ ነው።

ኪራይን በሕግ መወሰን ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኪራዩን ተዋዋዮቹ በፈቃዳቸው እንዲወስኑ ትቶት ነበር። የ1967ቱ ዐዋጅ ግን ትርፍ ቤቶችን ወርሶ፥ እስከ 300 ብር ይከራዩ የነበሩትን ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። በዚያ ጊዜ ብዙ ድኻ እፎይ ብሏል። ዳሩ ግን በትንሹ ኪራይ ቤቱን የሚያድስ ስለ ጠፋ፥ ለማከራየትም አዲስ ቤት የሚሠራ ስላልነበረ፥ የቀበሌ ቤቶች አርጅተው ዘመሙ። ርካሽ ኪራይ ያለ እድሳት ውሎ አድሮ ተከራዩን ራሱን እንደሚጎዳ ከዚህ እንማራለን።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1320 መካከለኛውን መንገድ ለመያዝ የታሰበ ይመስላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ የቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው ልክ እንዲሆን ያዝዛል። ሕጉ መልካም ነው፤ ሆኖም አከራይና ተከራይ ተስማምተው በውሉ ላይ አነስተኛ ቁጥር ቢጽፉና በእጅ ሌላ ቢቀባበሉ፥ ሕጉ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ክርክር በተነሣ ቀን የሚጎዱትም ሁለቱ ራሳቸው ናቸው፤ በጽሑፍ ያልሰፈረውን ገንዘብ ማስረዳት አስቸጋሪ ነውና።

ወደ ጭውውቱ እንመለስ። ሽማግሌው ጥቂት አሰብ አድርገው፥ «እንግዲህ ለሁለት ዓመት እንዋዋል፤ ጭማሪው በሕጉ ልክ ይሁን። እኔ ከክረምቱ በፊት ጣሪያውን ላሳድስ፤ አንተም ወር በገባ በወቅቱ ክፈለኝ፤» ቢሉ፥ መምህሩም «ከዚህ ሌላ ምን እሻለሁ?» ብሎ ቢቀበል፥ ጸሓፊዋም ያንኑ ቃል ለራስዋ ተከራይ ይዛ ብትሄድ፥ በአንድ ሰንበት ሦስት ቤተ ሰብ ከሥጋት ዐረፈ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስምምነት በየሰፈሩ እንዲበዛ የምዝገባው ሥራ የተሰጣቸው ሹማምንት ባለጉዳይን ሳያመላልሱ ውሉን በእውነት ይመዝግቡ፤ የዓመቱን ጭማሪ የሚወስኑትም የተከራዩን ደመወዝና የባለቤቱን የእድሳት ወጪ ባንድነት ይመዝኑ። ቃላቸው የሚሰማ ካህናትና የዕድር ሽማግሎች ደግሞ፥ ነገሩ ችሎት ሳይደርስ ሁለቱን ወገን ቢያነጋግሩ ታላቅ ሥራ ነው። ባለቤትም ሆነ ተከራይ ሁሉም ሰው ኪራይን ሲያስብ፥ ነገ በሌላው ስፍራ ራሱን ሊያገኝ እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባውም።