የመሥሪያ ቤት አውቶሞቢልና የቤተ ሰብ ደመወዝ

አባት ወይም እናት የሚፈርሙት የሥራ ውል የፈራሚውን ኑሮ ብቻ የሚወስን አይደለም። የልጆችን ትምህርት ቤት፣ የሚከራዩትን ቤት፣ የበዓሉን ወጪ፣ እስከ እርጅናም ዘመን ድረስ ያለውን መተዳደሪያ ይነካል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለመላው ቤተ ሰብ የሚጠቅም ይመስለናል። ይኸውም አንዱ ድርጅት «ደመወዙ አነስ ይላል፤ ዳሩ ግን አውቶሞቢል እንሰጥሃለን» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «አውቶሞቢል የለንም፤ ደመወዙን ግን ከፍ እናደርግልሃለን» ሲል፣ ባልና ሚስት ምርጫቸውን በምን ሚዛን ይመዝኑት የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በመልኩ አዲስ ይሁን እንጂ በጠባዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን፣ ያገለገለ ሰው ድካሙ የሚካሰው በጥሬ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ መሬት በማደሪያነት ይሰጠው ነበር። ማደሪያ ማለት ባለሥራው በአገልግሎቱ ላይ እስካለ ድረስ በደመወዝ ፈንታ የሚጠቀምበት መሬት ነው። አገልግሎቱ ሲቋረጥ መሬቱም ከእጁ ይወጣል። ርስት ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓመተ ምሕረት በወጣው የመሬት አዋጅ ቀርቷል። ይሁን እንጂ አባቶቻችን በማደሪያና በርስት መካከል ያዩት የነበረው ልዩነት ዛሬም ለእኛ ይጠቅመናል። ምክንያቱም የመሥሪያ ቤት አውቶሞቢል የዘመናችን ማደሪያ ነውና።

ይህንን ነገር በልባችን ያሳደረው የአንድ ወዳጃችን ቤት ታሪክ ነው። ወዳጃችን ሁለት ሥራ በአንድ ወር ቀረበለት። አንደኛው ደመወዙ ከፍ ያለ፣ ሁለተኛው ደመወዙ አነስ ብሎ አውቶሞቢል ያለበት ነበር። ሚስቱ «በመጀመሪያ እንቁጠረው» ብትለውም፣ አውቶሞቢሉ በዓይን የሚታይ፣ ደመወዙ ግን በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ስለ ሆነ፣ የሚታየው አሸነፈ። ከጥቂት ወራት በኋላም «መኪና እስካለን ድረስ ርቀት ምን ይጎዳናል» ብለው ኪራዩ ወደሚረክስበት ወደ ለገጣፎ ተዛወሩ። ልጆቹን ደግሞ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሳር ቤት አጠገብ ካለ ትምህርት ቤት አስገቡ። ሁለት ዓመት ያህል በደስታ ኖሩ። በሦስተኛው ዓመት ድርጅቱ ሥራው ቀዝቅዞበት ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ወዳጃችንም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ቁልፉን ዓርብ ማታ አስረከበ። ሰኞ ሌሊት በ11 ሰዓት እናትየው ሁለቱን ልጆች ይዛ በጨለማ ታክሲ ትጠብቅ ነበር። በኋላ ስንጠይቃት እንዲህ አለችን፦ «መኪናውን ሲሰጡን ሰፈራችንንና የልጆቹን ትምህርት ቤት አስቀየረን፤ መኪናውን ሲወስዱት ግን ሰፈራችንን የሚመልስልን አልነበረም።»

በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርጅቱ የሠራውን በደል አላየንም፤ የሰጠውን ንብረት መልሶ ወሰደ እንጂ። ጥፋቱ ቤተ ሰቡ ማደሪያውን እንደ ርስት በመቁጠሩ ነው። ስለዚህ ሚስቲቱ «እንቁጠረው» ያለችውን እኛ ዛሬ እንቁጠረው።

ለምሳሌ ያህል አንደኛው ድርጅት በወር 40,000 ብር ያለ አውቶሞቢል፣ ሁለተኛው 30,000 ብር ከአውቶሞቢል ጋራ አቀረቡ እንበል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ልዩነቱ 10,000 ብር ነው» ይላል፤ ነገር ግን ከ10,000 ብር ውስጥ ቤት የሚገባው ሁሉም አይደለም። በ2017 ዓመተ ምሕረት በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት፣ ከደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ እያደገ ሄዶ፣ ከ14,000 ብር የሚያልፈው ከመቶ 35 እጅ ይከፈልበታል። እንደዚሁም የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ ከመቶ 7 ያዋጣል። በዚህ ሒሳብ 40,000 ብር የሚያገኘው ሠራተኛ ግብር 11,950 ብር፣ ጡረታ 2,800 ብር ከፍሎ 25,250 ብር በእጁ ይገባል። 30,000 ብር የሚያገኘው ደግሞ ግብር 8,450 ብር፣ ጡረታ 2,100 ብር ከፍሎ 19,450 ብር ይቀረዋል። እንግዲህ ቤተ ሰቡ ስለ አውቶሞቢሉ ብሎ በየወሩ ከእጁ የሚለቀው 5,800 ብር ነው ማለት ነው። ሚዛኑ የሚቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

አሁን ደግሞ በሌላው የሚዛን ወገን አውቶሞቢሉን እናስቀምጥ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የአውቶሞቢሉን የገበያ ዋጋ በማሰብ ነው። «ስንት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ሰጡኝ» ይላሉ፤ ዳሩ ግን ልንሸጠው፣ ልናከራየው፣ ለልጅ ልናወርሰው የማንችለው ዕቃ የገበያ ዋጋው ለባለቤቱ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም። ለእኛ ያለው ዋጋ አውቶሞቢሉ ባይኖር ኖሮ ከኪሳችን ይወጣ የነበረው ገንዘብ ነው። ቤተ ሰቡ ለታክሲና ለአውቶቡስ በወር 3,000 ብር ብቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ አውቶሞቢሉ የሚያድንለት 3,000 ብር ነው። ከ5,800 ብር ጋራ ስናስተያየው በየወሩ 2,800 ብር፣ በዓመት 33,600 ብር ይጎድለዋል። ነገር ግን የታመመ ወላጅ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ፣ ልጆቹንም በኮንትራት መኪና የሚልክ ቤት በወር 9,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ፣ ያው አውቶሞቢል በወር 3,200 ብር ያተርፍለታል። ይህም ሁሉ ድርጅቱ ነዳጁን የሚችል ሲሆን ነው፤ የማይችል ከሆነ የነዳጁ ወጪ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ አንዱን አውቶሞቢል ለአንዱ ቤት ትርፍ፣ ለጎረቤቱ ኪሣራ የሚያደርገው የቤቱ ኑሮ ነው።

ከወሩ ሒሳብ ሌላ ደግሞ ሩቁን የሚያይ ሒሳብ አለ። ደመወዝ ብቻውን አይሄድም፤ ብዙ ነገር ያስከትላል። አሠሪው ለሠራተኛው ጡረታ ከደመወዙ ከመቶ 11 ያዋጣል። ከላይ ባየነው ምሳሌ በ10,000 ብሩ ልዩነት ላይ ሠራተኛው 700 ብር፣ አሠሪው 1,100 ብር፣ በጠቅላላው በየወሩ 1,800 ብር ለጡረታ ይገባ ነበር። የጡረታው አበል የሚታሰበው በደመወዝ ነው እንጂ በተነዳ አውቶሞቢል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዝ ሲሆን፣ የመጓጓዣ አበል ከደመወዝ አይቆጠርም። ባንክም ብድር ሲጠየቅ የሚመረምረው የወር ገቢን ነው። ሌላው አሠሪ እንኳ «እስከ ዛሬ ስንት ይከፈልህ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የደመወዙ ቁጥር ነው። የወዳጃችን ቤት በዚያ ሰኞ የተጎዳው በመንገዱ ርቀት ብቻ አልነበረም፤ የስንብቱም ገንዘብ በትንሹ ደመወዝ ተሰልቶ ስለ ተሰጠ ነው።

ይሁን እንጂ አውቶሞቢሉን አቃለን ደመወዙን ብቻ ብናመሰግን ሚዛናችን ሐሰተኛ ይሆናል። ዛሬ በራስ ገንዘብ አውቶሞቢል መግዛት ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 ዓመተ ምሕረት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ ወረደ። ገዝቶ ከያዙም በኋላ ወጪው አያልቅም። በሕግ የተገደደው የሦስተኛ ወገን መድን፣ በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራና ቦሎ፣ ጎማው፣ ባትሪው፣ ዘይቱ፣ የጋራዡ ዋጋ ሁሉ የባለቤቱ ዕዳ ነው። የመሥሪያ ቤቱ አውቶሞቢል ሲበላሽ ግን የሚጨነቀው መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ ያለ አውቶሞቢል ከቶ መኖር ለማይችል፣ አለዚያም ራሱ ሊገዛ ቆርጦ ለተነሣ ቤተ ሰብ፣ አነስ ያለው ደመወዝ ከአውቶሞቢል ጋራ የተሻለ ሊሆን ይችላል። በዝናብ ቀን የልጅ አለመርጠብ፣ በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ፈጥኖ ማድረስ፣ እነዚህ በብር የማይቆጠሩ ቢሆኑም ከሚዛኑ ውጭ መቅረት የለባቸውም።

ነገር ግን እነዚህን መልካም ነገሮች ከመቁጠራችን በፊት በእርግጥ የተፈቀዱልን መሆናቸውን ማወቅ አለብን። «አውቶሞቢል ይሰጣል» የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው። ለሥራ ብቻ ተሰጥቶ ማታ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ የሚያድር አለ፤ ለሠራተኛው ቤት ድረስ ተፈቅዶ እሑድና በዓል ቀን እንዳይንቀሳቀስ የሚከለከልም አለ። እንደዚህ ያለው አውቶሞቢል ለቤተ ሰቡ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። ደግሞም የአገራችን ኑሮ የመረዳዳት ኑሮ ስለ ሆነ፣ ከበር ላይ አውቶሞቢል የቆመለት ሰው የዘመዱን ሠርግና የዕድርተኛውን ለቅሶ «አልችልም» ለማለት ይቸግረዋል። ውሉ የማይፈቅድ ከሆነ ወይ ከአሠሪው ወይ ከጎረቤቱ መቀያየሙ አይቀርም።

ስለዚህ ከመፈረም አስቀድሞ የሚከተሉትን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። በመጀመሪያ፣ አውቶሞቢሉን ለግል ጉዳይ መንዳት ይፈቀዳልን? ሚስት ወይም ባል ሊነዱት ይችላሉን? ሁለተኛ፣ ነዳጁ በወር እስከ ስንት ሊትር ይሰጣል? በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነስ በቤት የሚሞላውን የመብራት ሒሳብ የሚከፍል ማን ነው? ሦስተኛ፣ አደጋ ቢደርስ መድን ድርጅቱ የማይሸፍነውን ክፍል የሚከፍለው ማን ነው? አራተኛ፣ ሠራተኛው በዓመት ፈቃድ፣ በሕመም ወይም በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለ አውቶሞቢሉ በእጁ ይቆያልን? አምስተኛ፣ ሥራው ቢቋረጥ በስንት ቀን ይመለሳል? ስድስተኛ፣ ለግል መገልገያ የሚሰጥ አውቶሞቢል በግብር ሕጋችን እንደ ዓይነት ጥቅም የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ ግብሩን የሚችለው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በትሕትና የጠየቀ ሰው እንደ ስግብግብ አይቆጠርም፤ እንዲያውም ቤቱን እንደሚያስተዳድር ጠንቃቃ ሰው ይታያል።

አውቶሞቢሉን መርጦ ለተቀበለም ቤተ ሰብ ከወዳጃችን ቤት የተማርነውን አንድ ምክር እንጨምር። አውቶሞቢሉ ያዳነላችሁን ገንዘብ አትብሉት። በፊት ለታክሲ ይወጣ የነበረውን ያህል በየወሩ ባንክ አስቀምጡ። ቤት ስትከራዩና ልጅ ትምህርት ቤት ስታስገቡ «አውቶሞቢሉ ነገ ቢመለስ በእግርና በታክሲ እንችለዋለንን?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተጠያየቁ። ይህን ያደረገ ቤት ቁልፉን በሚያስረክብበት ቀን ቅር ይለው ይሆናል እንጂ ኑሮው አይናጋም።

አባቶቻችን «በሰው ወርቅ አይደምቁም» ይላሉ። እኛ ግን በሰው ወርቅ መድመቅ እንኳ ለጊዜው እንደማይከፋ፣ ዳሩ ግን ወርቁ የሰው መሆኑን መርሳት እንደሚያከስር ለማስታወስ እንወዳለን። ወዳጃችን ዛሬ በሌላ ሥራ ላይ ይገኛል። ደመወዙ ከፊተኛው የተሻለ ነው፤ አውቶሞቢል የለውም፤ ቤታቸውም ከልጆቹ ትምህርት ቤት የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ያህል ነው። ሁለተኛውን ውል ከመፈረሙ በፊት ግን ባልና ሚስት አንድ ማታ ልጆቹን አስተኝተው፣ እርሳስና ወረቀት ይዘው አብረው ቆጥረውታል። ለአንባቢዎቻችን ቤትም የምንመኘው ይህችን አንዲት ማታ ነው።