በዳር ዓይን ማየት ይለመዳል

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ሥራ አይፈታም። የሚኒባሱን ታፔላ ያነባል፤ ከሰልፉ መሀል የሚያውቀውን ሰው ይለያል፤ ረዳቱ የመለሰለትን ብር ያያል። የዓይኑ ማዕከል የተጎዳበት ሰውም እዚያው ቆሞ አስፋልቱን፣ ሕንፃውን፣ የሚያልፈውን መኪና ያያል። የሚጠፋበት ዓይኑን የተከለበት ነገር ነው። ታፔላውን ሲያይ ጽሑፉ ይሰወራል፤ ፊት ሲያይ ፊቱ ላይ ጭጋግ ይቀመጣል። እንቅፋት ሳይመታው መንገድ እየተሻገረ፣ የቅርብ ጎረቤቱን ግን ሳይሰላም ያልፋል። ጎረቤቱም «ኮርቶብኛል» ብሎ ይቀየማል። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ቅያሜ ሰውን ቤቱ እንደሚያስቀምጠው አምናለሁ።

በዓይናችን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሬቲና መሀሉ ላይ ማኩላ የሚባል ትንሽ ቦታ አለው። የማኩላው እምብርት ፎቪያ ሲሆን ስፋቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክንዳችንን ዘርግተን አውራ ጣታችንን ብናይ በአንድ አፍታ ጥርት ብሎ የሚታየን የጣቱን ስፋት ያህል ብቻ ነው። ማንበብ፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት፣ ፊት መለየት በዚያች ቦታ ይሠራሉ። እርጅና፣ ስኳር በሽታ፣ ከባድ የቅርብ እይታ ችግር፣ በልጅነት ከያዘ ኢንፌክሽን የቀረ ጠባሳ፣ በዘር የሚወረስ ሕመም ሊጎዷት ይችላሉ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዓይነ ስውርነቱ መንስኤዎች 4.8 በመቶው የማኩላ ጉዳት ነበር። የዓይን ሞራ በቀዶ ጥገና ይገፈፋል። የሞተ የማኩላ ሴል ግን ስለማይመለስ፣ ብዙ ታካሚ «መድኃኒት የለውም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። እዚህ ላይ ነው ሊነገረው የሚገባው ነገር የሚቀረው፤ ዳር ዳሩ ደህና ነውና በዳሩ ማየት ሊማር ይችላል።

ልምምዱ የሚጀምረው ደህናውን ቦታ በመፈለግ ነው። ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር ትልቅ ፊደል ይጻፍና ዙሪያውን እንደ ሰዓት ከ1 እስከ 12 ቁጥር ይደረደራል። ሰውየው የተሻለ በሚያይበት ዓይኑ ፊደሉን ቀጥ ብሎ ሲያይ ፊደሉ ይጠፋል ወይም ይደበዝዛል። ከዚያ ዓይኑን ወደ 12 ያነሳል፤ ፊደሉ ብቅ አለ? ወደ 1፣ ወደ 2 እያለ ይዞራል። ከቁጥሮቹ በአንዱ ላይ ፊደሉ ከሌላው ይልቅ ጎልቶ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ታፔላም ሆነ ፊት ሲያይ፣ ዓይኑን ከነገሩ በዚያ አቅጣጫ ፈንጠር አድርጎ ማሳረፍ አለበት። ለንባብ ከመስመሩ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ማየት ይመረጣል፤ ወደ ጎን ከሆነ መሀል ላይ የማይታየው ቦታ ቀጣዩን ቃል ሊውጠው ይችላል።

አስቸጋሪው እዚያ ላይ መቆየት ነው። ዓይን ከልጅነት ጀምሮ የፈለገውን ነገር ፎቪያው ላይ መጣል ለምዷል፤ ፎቪያው ከጠፋ በኋላም እዚያው ይዘልላል። ስለዚህ ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥልጠና ዝላዩን ማረም ነው፤ አጭር አጭር እየተደረገ በየቀኑ ይደጋገማል። አእምሮ ግን ይታዘዛል። በ2013 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጤነኛ ሰዎች የእይታቸው መሀል በኮምፒውተር ተሸፍኖባቸው ሲሞከሩ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አዲስ ማያ ቦታ መርጠው ዓይናቸውን በእርሱ መምራት ጀምረዋል። የእይታቸውን መሀል በሕመም ላጡት ያን ያህል አይፈጥንም፤ ውጤቱም ከሰው ሰው ይለያያል።

ንባቡ ሌላ ዘዴ አለው። ዓይን ይቆማል፣ ወረቀቱ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ እያለ ይሳባል። የሬቲና ዳር ጥራቱ አነስተኛ ስለሆነ ማጉያ መነጽርና በቂ ብርሃን ያስፈልጋል። የኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ በ፣ ቡ እና ቢ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው፣ በዳር ዓይን ሲታዩ ደግሞ የተጠጋጉ ፊደላት ይደባለቃሉ። ስለዚህ መለማመጃው ፊደሉ ተልቆና ተራርቆ ቢጻፍ ይሻላል። በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስቶችን ያሠለጥናል፤ ማርከርና ወረቀት ብቻ የሚፈልገውን ይህን ልምምድ ለታካሚ ማሳየት ከየትኛውም የዓይን ክሊኒክ ሊጠበቅ ይገባል።

ቤተሰብም መማር አለበት። እናታችን ስታነጋግረን ጆሯችንን ወይም ግንባራችንን የምታይ ከመሰለን «ወደኔ እዪ» አንበላት፤ እያየችን ነው።

ልምምዱ ግን ምርመራን አይተካም። ቀጥ ያለው የበር መቃን ድንገት ጎብጦ የሚታየው ወይም መሀሉ በቀናት ውስጥ የጨለመበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ ከስኳርና ከደም ሥር መፍሰስ የሚመጣው የማኩላ ጉዳት በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ መድኃኒት ሊገታ ይችላል። ለ18 ማዞሪያ ነዋሪ፣ እዚያው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው አለርት ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው።