ጎተራው ለምን በእነሱ ላይ ተናደ?

በደቡብ ሱዳን የአዛንዴ መንደሮች ጎተራ የሚቆመው በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሰዎች ከሥሩ ተጠልለው ያወጋሉ። አንዳንዴ ምስጥ የበላው ምሰሶ ይከዳና ጎተራው በተቀመጡት ላይ ይናዳል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አካባቢውን ያጠናው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደጻፈው፣ አዛንዴዎች የምስጡን ሥራ አሳምረው ያውቃሉ። የሚያብከነክናቸው ሌላ ነው፤ ከሰው ሁሉ እነዚህ፣ ከሰዓት ሁሉ በዚያች ሰዓት ለምን? መልሳቸው «ማንጉ» ነው፤ በሰው ሆድ ውስጥ ያለ፣ በዘር የሚወረስ ክፉ ኃይል። ቡዳን እየሰማ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሜ ጄቼ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን የአካን ሕዝብ አስተሳሰብ ሲተነትን፣ ክፋት የሚመነጨው ከሰው ፈቃድና «አቦሶም» ከሚባሉት ታናናሽ መናፍስት እንጂ ከኦንያሜ፣ ማለትም ከፈጣሪ፣ እንዳልሆነ ያስረዳል። ቸርና ሁሉን ቻይ የሆነ አምላክ ክፋትን እንዴት ዝም ብሎ ያያል የሚለው የሊቃውንት ራስ ምታት በዚህ ይቀላል። ለእኔ ግን ፈጣሪ በነፃ ሲሰናበት ፋይሉ የሚዘጋ አይመስለኝም። ተከሳሹ ጎረቤት ይሆናል።

አዛንዴዎች ለዚህ አንድ ብልሃት ነበራቸው። አንድ ሰው ሲታመም ለዶሮ መርዝ እየሰጡ የማን ማንጉ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ የአንድ ጎረቤት ስም ተጠርቶ ዶሮዋ ከሞተች ክንፏ ተቆርጦ ለእሱ ይላክለታል። እሱም ውኃ ተጉመጥምጦ በክንፉ ላይ እፍ ይልና፣ ክፉ ነገር በሆዱ ካለ እንዳላወቀው ተናግሮ ለበሽተኛው ምሕረት ይመኛል። ማንም ሳይዋረድ ነገሩ ይበርዳል። በሽተኛው ከሞተ ግን በቀል ይከተላል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም።

በሰሜን ጋና፣ በጥንቆላ የተከሰሱ ሴቶች በሚኖሩበት በጋምባጋ መጠለያ ካምፕም ዶሮ ትታረዳለች። በጀርባዋ ተንጋላ ከሞተች የተከሰሰችው ሴት ንጹሕ ናት፤ በደረቷ ከተደፋች ጥፋተኛ። ተከሳሾቹ አብዛኞቹ አሮጊቶች፣ ባል የሞተባቸው፣ የሚከራከርላቸው ያጡ ናቸው። ሀብታም ወንድ እዚያ ብዙም አይታይም፤ ክፋት ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ አቅም የሌለውን ለይቶ ማግኘት ይችልበታል።

በ2020 እ.ኤ.አ. ካፋባ በምትባል የጋና ከተማ የዘጠና ዓመት አሮጊት በጥንቆላ ተከሰው በጠራራ ፀሐይ ተደብድበው ተገደሉ። የአገሪቱ ምክር ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ሰውን በጥንቆላ መወንጀልን የሚከለክል ሕግ ቢያጸድቅም፣ የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት አኩፎ አዶ አቀራረቡ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብለው ሳይፈርሙበት ቀሩ። እንደ ጋምባጋ ያሉት ካምፖች ይዘጉ የሚሉም አሉ። ግን ዶሮዋ ንጹሕ ናት ያለቻት ሴት እንኳ መንደሯ የሚጠብቃትን ስለምታውቅ ብዙ ጊዜ እዚያው ትቀራለች። መንደሩን ሳይለውጡ ካምፑን መዝጋት እሷን ሜዳ ላይ መጣል ነው።