«ማጋሚያ»፤ ስለ አንድ የናፍጣ ሞተር ዕቃ ስያሜና ስለ እክሉ አመረማመር

በመኪና ጥገና ሙያ ከሚነገሩት ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጎማ፥ ሞተሪኖ፥ ዳዶ፥ ኩሽኔታ ሥር ከሰደዱ ብዙ ዘመን ስለ ሆናቸው እነሱን ለመንቀል መድከም ተገቢ አይመስለንም። ካንዴላም ከነዚሁ አንዱ ነው። ችግሩ ቃሉ ባዕድ መሆኑ ሳይሆን፥ አሠራራቸው ፈጽሞ ለሚለያይ ለሁለት ዕቃዎች መነገሩ ነው።

በቤንዚን ሞተር ያለው ካንዴላ ብልጭታ እየሰጠ የአየሩንና የቤንዚኑን ድብልቅ ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ አያሻውም፤ አየር በኃይል ሲታመቅ ስለሚግል የሚረጭበት ነዳጅ በራሱ ይነድዳል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረ ጊዜ ግን የሲሊንደሩ ብረት ግለቱን እየሳበ ይወስደዋል። ስለዚህም ነዳጁ በቅድሚያ ወደ ትንሽ ጓዳ በሚረጭባቸው ሞተሮች፥ ለምሳሌ መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው 260 ዲ ወይም በአገራችን መንገዶች በሚታወቀው የላንድ ክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር፥ በጓዳው ውስጥ ጫፉ በኤሌክትሪክ የሚግም ዘንግ ይገባል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፥ ከፍታው 2,800 ሜትር ያህል በሆነና አየሩ በሳሳበት አገር፥ በታኅሣሥ ጧት የዚህ ዘንግ ጥቅም ለሾፌሩ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጣልያኖች ሁለቱን ለይተው የብልጭታውን ካንዴላ፥ የናፍጣውን ካንዴሌታ ይሏቸዋል፤ ሻማና ትንሽ ሻማ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ግሎው ፕለግ» ቃል በቃል ቢተረጎም «የሚግም ውታፍ» ይሆናል፤ ይህን ሰምቶ ዕቃውን የሚያቀብል የጋራዥ ተለማማጅ የሚገኝ አይመስለንም። በአማርኛ ለዚህ ግብር ሁለት ግሦች አሉን። ምጣድ ይግላል፤ ፍም ይግማል። ከ«አጋለ» «ማጋያ» ይወጣል፤ ነገር ግን ቤትን ወይም ሰፈርን በእሳት ማውደምን ከሚገልጸው «አጋየ» የሚወጣውም ያው «ማጋያ» ስለሆነ ትተነዋል። ከ«አጋመ» የሚወጣውን «ማጋሚያ»ን መርጠናል። በዋግምት ደም ከሚስበው «ማገሚያ» የሚለየው በአንዲት ፊደል ቢሆንም፥ ሁለቱ ሙያዎች ከቶ ስለማይገናኙ መምታታቱን አንሰጋም።

የስያሜው ጉዳይ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዕቃው በመዝገበ ቃላት «ብልጭታ ሰጪ» ተብሎ ቢፈታ፥ ያንን ያነበበ ተማሪ የሌለ ብልጭታ ሲፈልግ ይውላል፤ ብልጭታ ስላጣም ደህናውን ዕቃ ይጥላል። ስለዚህ ፍቺው ከእክሉ አመረማመር ጋር መስማማት አለበት።

ሞተሩ በጧት ብዙ ከዞረ በኋላ ነጭ ጭስ እየተፋና እየተንገጫገጨ ሲነሣ ማጋሚያ ይጠረጠራል። በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው መብራት ስትጠፋ ብዙ ሾፌር ማጋሚያው ግሟል ብሎ ያምናል፤ በብዙ መኪኖች ግን መብራቷ የምታመለክተው የተመደበላት ጊዜ ማለቁን ብቻ ነው። በመጀመሪያ ባትሪው ይለካል። ቀጥሎ ቁልፉ ተከፍቶ፥ ማጋሚያዎቹን በሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ቮልቱ ይታያል። ኮረንቲ ካልደረሰ ጥፋቱ የፊውዙ፥ የሪሌው ወይም የሽቦው ነው። ከደረሰ ጠፍጣፋው ብረት ይፈታና እያንዳንዱ ማጋሚያ ለብቻው በኦም መለኪያ ይለካል። ሳይፈታ ቢለካ፥ ማጋሚያዎቹ በትይዩ የተያያዙ ስለሆኑ ደህናዎቹ የሞተውን ይሸፍኑታል። ደህና የሆነ ባለ 12 ቮልት የብረት ማጋሚያ በቀዝቃዛነቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 ኦም በታች ያሳያል፤ ምንም መተላለፊያ ከሌለ የውስጥ ሽቦው ተበጥሷል። በአሮጌዎቹ የመርሴዲስ የናፍጣ ሞተሮች ግን ማጋሚያዎቹ በተከታታይ የተያያዙ ነበሩና አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ይጠፉ ነበር። «ትይዩ» እና «ተከታታይ» የሚሉት ቃላት በጋራዥም ቢለመዱ የምንወደው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ «ተቃጠለ» የሚለው የጋራዥ ግሥ ይፈትነናል። የሽቦው መበጠስም፥ ሾርት ማድረጉም፥ የጫፉ መቅለጥም በዚሁ ግሥ ይነገራሉ፤ መንሥኤያቸው ግን ይለያያል። ለምሳሌ ጫፉ የቀለጠው ነዳጅ መርጫው በትክክል መርጨቱን ትቶ ስለሚያንጠባጥብ ከሆነ፥ ማጋሚያውን ብቻ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ተበጠሰ»፥ ለሁለተኛው የተለመደውን «ሾርት አደረገ»፥ ለሦስተኛው «ቀለጠ» ለይቶ መናገር ይሻላል።

አደጋ ያለባቸው ሁለት ነገሮችም በፍቺው ሥር መመልከት አለባቸው። አንዳንድ ማጋሚያ የተሠራው ከ12 ቮልት ላነሰ፥ ለምሳሌ ለ6 ቮልት ነው፤ ይህን ዓይነቱን «ይግም እንደሆነ እንይ» ብሎ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት ሽቦውን ይበጥሰዋል፤ ቮልቱ በአካሉ ላይ ተጽፎ እንደሆነ አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። ሌላው፥ ማጋሚያ ባለው ሞተር የአየር ማስገቢያ ኤተር መርጨት ነው፤ የጋመው ጫፍ ኤተሩን ያለጊዜው አቀጣጥሎ ሞተሩን ሊሰብር፥ ሰውንም ሊያቃጥል ይችላል።

ስለዚህ ፍቺውን እንደሚከተለው አዘጋጅተናል፦

ማጋሚያ፤ (ስም፥ መካኒክ) በናፍጣ ሞተር የማቃጠያ ክፍል ውስጥ የሚገባ፥ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ጫፉ በኤሌክትሪክ ኮረንቲ ግሞ ክፍሉን የሚያሞቅ ዘንግ፤ ብልጭታ አይሰጥም። በጋራዥ ካንዴላ ሲባል ይሰማል፤ ከቤንዚን ሞተር ካንዴላ ይለዩ።