ጠርሙሱ ስለ ምን ይጮኻል? የሻምፓኝ ታሪክና የሐረር ቡና ስም

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በሠርግ ቤት ሙሽሮቹ ኬኩን ሊቆርሱ ሲነሡ አንዱ ሚዜ ጠርሙስ ይዞ ብድግ ይልና ሽቦውን ፈትቶ፣ ቡሹን በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ «ጧ!» ሲያሰኘው ስንት ጊዜ አይታችኋል? ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ አረፋው በሚዜው እጅጌ ላይ ይፈስሳል፤ ፎቶግራፍ አንሺውም «አንድ ጊዜ ድገሙልኝ» ይላል፤ ነገሩ ግን አይደገምም።

ባለፈው ጥር ከፈላና በር ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ ሲያገባ እኔም ከታዳሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ወጣት ጸሐፊ ነው። ጠርሙሱ ሲጮኽ ደንግጦ አንገቱን ሰበረና፣ ቀና ሲል፣ «መምህር፣ ይህ ነገር ስለ ምን ይጮኻል? ዋጋውስ ስለ ምን እንዲህ ይቆለላል?» ሲል ጠየቀኝ። የመጀመሪያውን እንደ ምንም ብዬ መለስሁለት። ለሁለተኛው ግን መልስ አጣሁ። ይባስ ብሎ ባዶውን ጠርሙስ አንሥተን ጽሑፉን ብንመረምር «ሻምፓኝ» የሚል ቃል በላዩ አልተገኘም! ለካስ እልል ያልንለት ሻምፓኝ ሻምፓኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን እነሆ። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መጠጥ የማይቀምሱ አንባቢዎቼም አይቀየሙኝ፤ የነገሩ ዋና ጉዳይ መጠጡ አይደለም።

ሻምፓኝ በመጀመሪያ የአገር ስም ነው። ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ፣ ራንስና ኤፔርኔ በሚባሉት ከተሞች ዙሪያ ያለ፣ መሬቱ ነጭ ጠመኔ የሆነ፣ ብርድ የሚበዛበት አውራጃ ነው። ለሐረር ሰው ይህ አገር ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በታኅሣሥ 1880 ቡና ለሚነግደው ለባርዴ ቤት ተቀጥሮ ሐረር የገባው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የተወለደው ለሻምፓኝ ጎረቤት በሆነችው በአርደን፣ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ነው። (ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚያየው «የራምቦ ቤት» እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ መሆኑን ግን ልብ በሉ።) እንግዲህ የወይን አገር ጎረቤት የሆነ ሰው የሐረርን ቡና እየመዘነ ኖረ ማለት ነው።

ወደ ጩኸቱ ልመለስ። ጠጅ የጣለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ማሩና ውሃው ጌሾ ገብቶበት በጋን ውስጥ ሲብላላ እርሾው ስኳሩን ይበላና ሁለት ነገር ያወጣል፤ አንዱ አልኮል ነው፣ ሌላው አየር ነው። በጋን ያለው አየር በአፉ ወጥቶ ይሄዳል። ነገር ግን ገና ያልበሰለውን ጠጅ ቸኩላችሁ በጠርሙስ ብትደፍኑት ሌሊት ቡሹ ሲፈናጠር ከእንቅልፋችሁ ትነቃላችሁ። በሻምፓኝም አገር በመጀመሪያ የደረሰው ይኸው ነው። ክረምቱ እጅግ ስለሚበርድ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ያንቀላፋል፤ ወይን ጠጁ ያለቀለት መስሏቸው በጠርሙስ ይሞሉታል፤ ጸደይ ሲመጣና ሙቀቱ ሲመለስ እርሾው ይነቃል፤ አየሩም መውጫ ያጣል። ጠርሙሶች ይፈነዱ ስለ ነበር የጓዳው ሠራተኞች ፊታቸውን በብረት ጭምብል ሸፍነው ይሠሩ ነበር።

ስሙ ዛሬ በውድ ጠርሙስ ላይ የሚነበበው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን የኖረው በዚህ ዘመን ነው። በ1668 በኦቪሌ ገዳም የመጋዘኑና የጓዳው ኀላፊ ሆነ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1715 ድረስም በዚሁ ሥራ ቆየ። አፈ ታሪኩ አረፋውን የፈጠረው እርሱ ነው ይላል፤ ከዋክብትን እንደ ጠጣ ሆኖ ወንድሞቹን ጠራ ብሎም ይጨምራል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መነኩሴው አረፋውን እንደ ጥፋት ቈጥሮ ሊከለክለው ይደክም ነበር። የእርሱ ብልኀት ከልዩ ልዩ እርሻ የመጣውን ፍሬ ከመጭመቁ በፊት መርጦ ማዋሐድና ከጥቁር ወይን ንጹሕ ነጭ ወይን ጠጅ ማውጣት ነው። የከዋክብቱ ወሬ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ሻጮች ያወጡት ማስታወቂያ ነው። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከወሬው ይልቅ በገዛ ጠላቱ ስም የታወቀውን መነኩሴ እወደዋለሁ።

አረፋውን ከጥፋት ወደ ሙያ የለወጡት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ከእነርሱም አንዷ በ1805 በ27 ዓመቷ ባሏ የሞተባት ወይዘሮ ክሊኮ ናት። ባልቴት ሆና ቤት ትዘጋለች ሲሏት ንግዱን በእጇ ያዘች። በዚያን ጊዜ ትልቁ ችግር አተላው ነበር። እኛ የጠጁን አምቡላ በማጥለያ እናጠልለዋለን፤ የእነርሱ መጠጥ ግን ጠርሙሱ ተከፍቶ ቢጠለል አየሩ ያመልጣል። የክሊኮ ቤት ሰዎች በ1816 ገደማ ገበታውን በስተው ጠርሙሱን በአፉ ዘቅዝቀው ሰኩት፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያዞሩም አተላው ወደ ቡሹ እንዲወርድ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ቡሹ ሲነቀል የአየሩ ኀይል አተላውን ተፍቶ ይጥለዋል፤ የጎደለው ይሞላል፤ እንደ ገና ይደፈናል። ዛሬ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ የታመቀው ኀይል ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር ይደርሳል። ይህም ከመኪና ጎማ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ሚዜዎች ይህን ብታውቁ ቡሹን ወደ ሰው ፊት ባላነጣጠራችሁ!

ጸሐፊው ወዳጄ የጠየቀኝ ዋጋው ግን ከዚህ ሁሉ ድካም በላይ ሌላ ምክንያት አለው፤ እርሱም ጊዜ ነው። ተራው ሻምፓኝ የልዩ ልዩ ዓመት ምርት ተዋሕዶበት ቢያንስ 15 ወር በጓዳ ይቀመጣል። የአንድ መልካም ዓመት ፍሬ ብቻ የሆነው፣ ዓመቱም በጠርሙሱ ላይ የተጻፈበት፣ ቢያንስ 3 ዓመት ይቈያል። በመነኩሴው ስም የተሰየመውና ሞኤ ኤ ሻንዶን የሚያወጣው ዶም ፔሪኞን ከዚህም ይጠብቃል፤ መልካም ባልሆነ ዓመት ጨርሶ አይሠራም፤ የተሠራውም ገበያ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ 8 ዓመት ያህል በጨለማ ይተኛል። የመጀመሪያው የ1921 ፍሬ ለገበያ የወጣው በ1936 ነው። ስምንት ዓመት ገንዘብን በጓዳ አስተኝቶ መጠበቅ የሚችለው ማን ነው?

ይህ መጠጥ ከነገሥታት ማዕድ አልጠፋም። በጥቅምት 1971 የኢራን ሻህ በፐርሴፖሊስ ባደረጉት ታላቅ ግብዣ የ1959 ሮዜ ዶም ፔሪኞን ቀርቦ ነበር። ከታላላቆቹም ተጋባዦች አንዱ ከሐረር አቅራቢያ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስሁ። በ1911 የሻምፓኝ ገበሬዎች ነጋዴዎቹ ከሌላ አውራጃ ርካሽ ወይን እያስመጡ «ሻምፓኝ» ብለው መሸጣቸውን ሰምተው ተነሡ። በርሜል ሰበሩ፤ ወይን ጠጁን በመንገድ ላይ አፈሰሱ፤ አይ በምትባለው ከተማ የነጋዴዎችን ቤት አቃጠሉ፤ መንግሥትም ጦር ላከ። ቤት ማቃጠሉን ማንም አያመሰግነውም። ሆኖም ከዚያ ክርክር በኋላ በ1927 የአውራጃው ወሰን በሕግ ተከለለ። ከወሰኑ ውጭ የበቀለ ወይን ምንም ቢጣፍጥ በአውሮፓ ሻምፓኝ ተብሎ አይሸጥም። በሠርጉ ጠርሙስ ላይ ቃሉ የጠፋው ስለዚህ ነው።

ሐረርም ስሙን ለዓለም ያዋሰ አገር ነው። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ከነሽፋኑ በፀሐይ ያደርቀዋል፤ ፍሬው በሽፋኑ ውስጥ ጥቂት ስለሚብላላም ብዙ ቡና ቀማሾች ጣዕሙን ከወይን ጠጅ ጋር ያመሳስሉታል። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት «ሐረር»፣ «ሲዳሞ»ና «ይርጋ ጨፌ» የሚሉትን ስሞች የንግድ ምልክት አድርጎ በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመለከተ። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስም ጋር ብርቱ ክርክር ሆነ። በሰኔ 2007 ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያውም ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀበለ። ፈረንሳዮች እንዳደረጉት ወሰን አልተከለለም፤ ከሚሊዮን ትንንሽ ማሳ የሚወጣ ቡና እያንዳንዱን ከረጢት እየተከታተሉ መመስከር እጅግ ይከብዳልና። ይህን ምክንያት እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ፈቃዱ ያለ ክፍያ የተሰጠ መሆኑን ሳነብ ቅር አለኝ።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በአወዳይ በኩል ስትሄዱ ግራና ቀኝ የምታዩት ጫት ነው። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፤ ጫት ግን ደጋግሞ ይቈረጣል፤ ገንዘቡም በዚያው ቀን በእጅ ይገባል። የቡና ዛፉን ነቅሎ ጫት የተከለውን ገበሬ እኔ አልወቅሰውም። ጠርሙሱን ስምንት ዓመት የሚያስተኛው ቤት ሌላ ገንዘብ አለው፤ እርሱ ግን የልጁን ደብተር የሚገዛው ከዚህ ዓመት ፍሬ ነው።

በማግሥቱ ሰኞ ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ክፍል ገባሁ። ታቹ ወደ ውስጥ የጎደጎደው ኀይሉን እንዲችል መሆኑን ለተማሪዎቼ አሳየሁና የ1911ንም ታሪክ ነገርኋቸው። ከኋላ የሚቀመጥ፣ አባቱ ግማሹን ቡና ነቅሎ ጫት የተከለ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ሐረር የሚል ጽሑፍ ያለበት ቡና እዚያ ስንት ይሸጣል? ለአባቴስ ስንቱ ይደርሰዋል?» አለኝ። የመጀመሪያውን ፈልጌ አመጣልሃለሁ አልሁት። ሁለተኛውን በደብተሬ ጻፍሁት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ተጽፎ አለ።